ተሸኝቼ ያልሄድኩበት መስከረም

መስከረም 13

...አባዬ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ሻይ ቤት ተቀምጧል፣ ሻንጣዬን በሁለት እግሩ መካከል አቁሞ፣ ኮቱን ሳያወልቅ፣ በዚያ የድሬዳዋ ሙቀት። ሻዩን አልነካውም። ዝንብ ገባበት። አስተናጋጇ "ልቀይርልዎት?" ስትለው "አይ፣ እየጠጣሁት ነው" አላት። አውሮፕላኑ ሲነሳ ድምፁ ተሰማ። ሁለታችንም ቀና አላልንም። ከጎናችን የተቀመጠ ሰውዬ ዛሬስ በሰዓቱ ተነሳ ሲል አባዬ "በሰዓቱ ነው" ብሎ መለሰለት፤ የአየር መንገዱ ሠራተኛ ይመስል።

እስኪመሽ እዚያው ተቀመጥን። ከዚያ የመጨረሻውን ሚኒባስ ይዘን ወደ ሐረር ተመለስን።

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ማርታ ናት፣ የጎረቤታችን የእማማ ወለተሥላሴ የልጅ ልጅ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ "ኤዱ፣ ቱርክ የሚገጥምሽን አንድ ሳታስቀሪ ጻፊ" ብላለች። እሺ። የገጠመኝ ይህ ነው። እሁድ ዕለት አቦከር ያለው ሰፈራችን በሙሉ ድንኳን ተክሎ ሸኘኝ። ዛሬ ማክሰኞ ሄድኩ። ዛሬ ማክሰኞ ተመለስኩ። ቪዛው አልወጣም፤ ሲወጣ ኤምባሲው በኢሜይል ያሳውቃል። ትምህርቱ የሚጀምረው የፊታችን ሰኞ ነው። ቪዛ የሚጠብቅ ተማሪ እስከ ጥቅምት ሰባት ባለበት ሆኖ በኢንተርኔት መከታተል ይችላል፤ እስከዚያ ቀን በአካል ቀርቦ ያልተመዘገበ ቦታውን ያጣል።

በግ ታርዶለት፣ ተመርቆ፣ ተለቅሶለት የተሸኘ ሰው ደግሞ በዚያው ቀን ማታ ሰፈሩ ውስጥ አይታይም። ስለዚህ አባዬ ጀጎል ውስጥ ሐጃ ዋፊቃ ቤት አመጣኝ። የሟቹ ጓደኛው የመምህር ዐብዱልሐሚድ ባለቤት ናቸው። ከቤታችን በእግር ሃያ ደቂቃ። ውጭ አገሬ ሃያ ደቂቃ ይርቃል።

አላለቀስኩም። ሽኝቱ የአባዬ ሐሳብ ነበር።


መስከረም 14

ኢሜይል የለም።

ሐጃ ዋፊቃ ላይኛውን ክፍል ሰጡኝ። ምሳ ሲቀርብ ግን ታች ወርጄ፣ ከበር የገባ ሰው የማያየው ጥግ ያለው መደብ ላይ ልቀመጥ ስል ከለከሉኝ። እዚያ የሚቀመጥ የታመመ ሰው ነው፣ ታመሻል ወይ አሉኝ። አልታመምኩም። እንግዲያው ወደ ብርሃኑ ነይ።

የልጅ ልጃቸው ሱመያ አስራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ከቱርክ ድራማ የለቀመቻቸውን አምስት ቃላት እየቀያየረች ትጠራኛለች። ዛሬ ጀሪካን ስንሸከም "አቦ ኤደን፣ ቱርክ ውሃ በየስንት ቀኑ ነው የሚመጣው?" አለችኝ። ሳቅኩ። መሳቄ አናደደኝ።

አባዬ አመሻሽ ላይ መጣ። በቀጥታው መንገድ አይደለም፤ በሌላ የጀጎል በር ዞሮ። ዳቦ ይዞልኛል፣ ሻንጣዬ በእማማ ወለተሥላሴ ዳቦ ቆሎ ተሞልቶ ሳለ። የእድሩ ጸሐፊ አስር አለቃ ኡራኤል መንገድ ላይ አስቁሞ ልጅቷ ደረሰች ወይ ብሎ ጠይቆታል።

"ምን አልከው?"

"ደርሳለች አልኩት።"

ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው ነው። ሲናገር ዳቦውን ነበር የሚያየው።


መስከረም 16

ደመራ። ጣሪያ ላይ ወጥቼ ጭሱን ከሩቅ አየሁት። የታጠበ ልብስ ከተሰጣበት ጀርባ ቆሜ።

ማርታ ፎቶ ላከች። እማማ ነጭ ለብሰው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል፣ ከጎናቸው ባዶ ዱካ። "ያንቺ ቦታ ነው፣ ማንም እንዳይቀመጥበት ብለዋል" ይላል ከሥሩ።

እናቴ ከሞተች ጀምሮ፣ ከሰባት ዓመቴ ማለት ነው፣ ፀጉሬን የሚሠሩኝ እማማ ነበሩ። እግራቸው መካከል አስቀምጠው፣ ስንቀሳቀስ በማበጠሪያው ጫፍ ጭንቅላቴን መታ እያደረጉ።

ለማርታ "በሰላም ገባሁ፣ ሁሉም ጥሩ ነው" ብዬ የጻፍኩት ረቡዕ ነው። ማን አስገደደኝ? ግን አባዬ ደርሳለች ካለ በኋላ ምን ልል ኖሯል። አባቴን ልክደው ነበር?


መስከረም 17

የጆሮ ማዳመጫዬ ተበላሸ። ለሰኞ ያስፈልገኛል። የሱመያን ሻሽ እስከ አፍንጫዬ ጠምጥሜ ልወጣ ስል ሐጃ ዋፊቃ በሩ ላይ ያዙኝ። አልተቆጡም። እጃቸውን ዘርግተው ሻሹን ከፊቴ ላይ ዝቅ አደረጉት።

"ልጄ፣ ይሄ የሚለበሰው አላህን ተፈርቶ ነው። ሰው ተፈርቶ አይለበስም።"

አፈርኩ። ከዚያ ደግሞ ተናደድኩ፤ እሳቸው ላይ ሳይሆን። ሻሹን አጣጥፌ ለሱመያ መለስኩላትና ፊቴን እንዳለ ይዤው ወጣሁ። የሚያየኝ ይየኝ። መንገዱ ጠባብ ነው፣ የሚመጣው ሰው ትከሻሽን ነክቶ ነው የሚያልፈው። ልብስ ሰፊዎቹን አለፍኩ። ቅመም ሻጮቹን አለፍኩ። ገዛሁ። ተመለስኩ።

የሚያውቀኝ ሰው አላገኘሁም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።


መስከረም 19

መብራት አለ። ኔትወርክ አለ። ሦስት ሰዓት። ሰዓታቸው ከእኛው ጋር አንድ ነው። እኔ ባልደርስም ሰዓቴ ደርሷል።

ጀመሩ።

*

ከሰዓት በኋላ ነው። ሁሉንም ልጻፍ።

አሥራ ዘጠኝ ነን። አሥራ አራቱ ክፍሉ ውስጥ፣ አምስታችን ግድግዳው ላይ፣ በትልቅ ስክሪን። የከርሰ ምድር ውሃ የምታስተምረን ፕሮፌሰር ፀጉሯ ሙሉ በሙሉ የሸበተ አጭር ሴት ናት። ስም ከጠራች በኋላ መጽሐፍ አልገለጠችም። ዛሬ ጠዋት የጠጣችሁት ውሃ ከየት መጣ ብላ ጠየቀች፤ በተራ መልሱ አለች።

አንዱ ወንዝ አለ። አንዷ የግድብ ስም ጠራች። አንድ ልጅ ከሱፐርማርኬት ብሎ አሳቀ። የኔ ተራ ደረሰ።

"ከቢጫ ጀሪካን" አልኩ።

ክፍሉ ሳቀ። በክፋት አይደለም፣ ግን ሳቀ። እና የሆነ ነገር ያዘኝ፣ የሳምንቱ ሁሉ ይመስለኛል። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቅኩ። ከዚያ ጀሪካኑ ከየት እንደመጣ ነገርኳቸው። ከቦቴ፣ ቦቴው ከጉድጓድ። ከከተማችን ራቅ ብሎ ሐይቅ እንደነበረና አባቴ ተማሪዎቹን እየወሰደ ያሳይ እንደነበር፣ ሐይቁ ሲደርቅም ተማሪዎቹን ወስዶ ጭቃውን እንዳሳያቸው። ቧንቧው ውስጥ አየር ሲያፏጭ የምንሰማው እኛ ብቻ እንደሆንን፤ ያንን ፉጨት ሲሰማ የተኛ እንደሚነሳ፣ የተጣላም ጠቡን አቋርጦ ባልዲ ይዞ እንደሚሮጥ። እንግሊዝኛዬ ሁለት ቦታ ላይ ተሰበረ። አልቆምኩም።

ፕሮፌሰሯ ይህን ጽፈሽ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰኞ፣ ጥቅምት ሦስት፣ ለክፍሉ ታቀርቢያለሽ አለች። አሁን የት ነው ያለሽው ብላም ጠየቀችኝ።

"ሐረር።"

በስድስት ቀን ውስጥ ያለሁበትን ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ለማያውቁኝ ሰዎች።


መስከረም 20

ሦስት ሰዓት ከአርባ። በትምህርቱ መካከል። ቧንቧው አፏጨ።

ሱመያ ከታች "ኤደን! መጣ! መጣ!" እያለች። ጆሮ ማዳመጫውን ሳላወልቅ ወረድኩ። ስለ አለት ዓይነቶች እየሰማሁ አሥራ አንድ ጀሪካን ሞላሁ። ስመለስ ስክሪኑ ላይ ስሜ በቀይ ተጽፎ ጠበቀኝ፤ ተጠርቼ አልመለስኩም። አንድ ቀሪ።

ለቀሪው ምክንያት ጻፊ ይላል ቅጹ። ውሃ መጣ ብዬ ጻፍኩ።


መስከረም 21

ማርታ በቪዲዮ እደውላለሁ አለች። እምቢ ብል ትጠረጥራለች።

የታችኛው ክፍል ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በተሰቀለ የሰበዝ ስፌት የተሞላ ነው። የሐረሪ ቤት መሆኑን ከሩቅ ይጮኻል። ነጭ አንሶላ ከምስማሮቹ ላይ ሰቀልኩበትና ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። የተማሪዎች ማደሪያ። ለምን ላይኛው ክፍል ሆኜ አላወራሁም? ኔትወርኩ ታች ነው የሚሻለው። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ነው ያለኝ።

እማማ ቀረቡ። ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈውት የማየው ነጠላቸውን ብቻ ነበር። ብርዱ እንዴት ነው፣ ትበያለሽ ወይ፣ በርበሬው አልተበላሸም ወይ። አልተበላሸም አልኳቸው። እውነት ነው። ሳል ነበራቸው። አቧራ ነው አሉ።

ማርታ መስኮቱን አሳዪኝ አለች። ኔትወርኩ ይቆራረጣል አልኩ። አዛን ሲሰማ "እዚያም አለ?" አለች፣ አለ አልኩ፤ አዛኑ እንኳ ደረሰልኝ። ወዲያው ግን ከውጭ በድምፅ ማጉያ አንዱ፣ በጠራ አማርኛ፣ ቲማቲም በኪሎ፣ ቲማቲም የወንጂ ቀይ፣ እያለ በበሩ ሥር አለፈ።

ማርታ ወደ ስክሪኑ ቀረብ አለች። ከዚያ "በይ ደህና ሁኚ ኤዱ፣ ራስሽን ጠብቂ" ብላ ዘጋችው።

የሰማች አይመስለኝም።

ሐጃ ዋፊቃ ከገበያ ሲመለሱ አንሶላው ገና አልወረደም ነበር። ቆመው አዩት። "ሱብሓነላህ። ግድግዳዬ ምን በደለሽ?" አሉ። ስፌቶቹ እናታቸው የሰፏቸው ናቸው። አንሶላውን ቁልቁል ስስበው አንዱ ስፌት አብሮ ወደቀ፤ አልተሰበረም። አንስተው አቧራውን በመዳፋቸው ጠረጉና ሰቀሉት።


መስከረም 23

የመጀመሪያው ሳምንት አለቀ። አራት ትምህርት፣ አንድ ቀሪ። ልጆቹ ስሜን በትክክል መጥራት ጀምረዋል።

አባዬ በየቀኑ ይመጣል። እንደተቀመጠ "ዛሬ ስንት ነው?" ይለኛል። የምማርበትን የቱርክ ከተማ ሙቀት ማለቱ ነው። ከስልኬ አነብለታለሁ፣ ኪሱ ውስጥ ባለች ቁራጭ ወረቀት ላይ ይጽፈዋል። ከፍተኛ፣ ዝቅተኛ፣ ደመና። ነገ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ የሚጠይቁትን በትክክል ሊመልስ። እየዋሸ እንኳ ተማሪ የሚያርመው ስህተት እንዲኖርበት አይፈልግም።

ዛሬ ከላይ ሆኜ ሲነጋገሩ ሰማኋቸው። ሐጃ ዋፊቃ "ሽፈራው፣ እስከ መቼ ነው?" አሉት። አባዬ መለሰ።

"ቪዛው ወጣ ስትለኝ እኔ እሷን አመንኳት። አሁን ደግሞ ሰው እኔን ያምነኛል።"

ምናልባት በትክክል አልሰማሁም። ደረጃው ረጅም ነው።


መስከረም 26

የሐጃ ዋፊቃ አፎቻ መጣ። ሴቶቹ ለሠርግም ለሐዘንም በአንድነት የሚቆሙበት ማኅበራቸው ነው፤ ምክንያት ሳይኖራት የቀረች ወዮላት። የአንዷ ልጅ ልታገባ ነው፣ ሥራ ሊከፋፈሉ። እኔ ላይ ሆኜ ትምህርቴን እከታተላለሁ፣ ድምፄን አጥፍቼ።

ግን ጫማዬ። ሁሉም ጫማ ከበሩ ሥር ይወልቃል፣ የኔም ነጭ ስኒከር ከመካከላቸው ቁጭ ብሏል። አንዷ "ይሄ የማን ነው? ሱመያ እንዲህ ያለ እግር የላትም" ስትል ተሰማኝ። ሳቁ። ሐጃ ዋፊቃ እንደማይዋሹ አውቃለሁ፤ በሃይማኖታቸው አይቀልዱም።

"የመንገደኛ ነው" አሉ።

መንገደኛው ወዴት ነው የሚሄደው አለች ሴትዮዋ።

"አላህ ያውቃል። እሷም ገና አላወቀችውም።"

እኔ ግን አውቀዋለሁ። ጥቅምት ሰባት ሳይደርስ እሄዳለሁ። ማንም ይሁን ማን ይህንን ከእጄ አይወስደውም። ሰኞ የማቀርበውን ጽሑፍ ስድስት ገጽ አድርሻለሁ።


መስከረም 29

ኤምባሲ ደወልኩ። በሂደት ላይ ነው አለች ስልኩን ያነሳችው። ትሁት ድምፅ ነው ያላት። በሂደት ላይ።

እሺ፣ ልጻፈው። ይህን ደብተር ማን ያየዋል?

ሽኝቱ የአባዬ ሐሳብ አልነበረም። ማለት፣ ነበር፤ ግን እኔ ቪዛው ወጣ ካልኩት በኋላ ነው። የነገርኩት በጳጉሜን ነው። ያን ጊዜ በዚህ ሳምንት ይወጣል ተብዬ ነበር፤ "ይወጣል" እና "ወጣ" መካከል ያለው ሦስት አራት ቀን ምንም አይደለም ብዬ። ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት ቤት ተቀምጫለሁ። አስር አለቃ ኡራኤል በየጠዋቱ "እህስ፣ ኢንጂነሯ?" ይለኝ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት "ወጣልኝ" አልኩት። አፌ ላይ ጣፈጠኝ። ከሰዓት በኋላ ለአባዬም ነገርኩት፤ ከኡራኤል በፊት እንዳይሰማ።

መስከረም ስምንት ደውዬ ገና እንደሆነ አወቅኩ። በጉ የተገዛው በዘጠኝ ነው።

አንድ ቀን ነበረኝ። ድንኳኑ ሲተከል አይቻለሁ። እማማ ወለተሥላሴ ዳቦ ቆሎውን ሲያሽጉ ከጎናቸው ሆኜ ፌስታሉን ይዤላቸዋለሁ።

ለአባዬ የነገርኩት ሚኒባሱ ደንገጎ ላይ ቁልቁለቱን ሲጀምር ነው። ሹፌሩን አስቁሞ አልወረደም። አልጮኸም። "እዚያ ስንደርስ ሻይ እንጠጣለን" አለ።

በቃ።


ጥቅምት 2

እሁድ። አባዬ መጣ። ቁጭ አለ። ሙቀቱን አልጠየቀኝም።

አዲስ ነገር አለ ወይ አልኩት። የለም አለ። ነጭ ነጠላውን ዘቅዝቆ ነው የመጣው፣ ለለቅሶ እንደሚለበሰው። ሳይበላ ሄደ። በሩ ላይ ሐጃ ዋፊቃ ክንዱን ሲይዙት አየሁ፤ "ንገራት እንጂ" አሉት። "ከነገርኳት ትመጣለች" አለ።

ስልኬ የጮኸው ከዚያ በኋላ ነው። ማርታ ናት። ሁለት መስመር።

"እማማ ዛሬ ጠዋት አረፉ። ቀብሩ ነገ ስድስት ሰዓት ነው፣ ምናልባት ቅርብ ካለሽ።"

ቅርብ ካለሽ።


ጥቅምት 3

ሰኞ ነው። ትምህርቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ የኔ ተራ አምስት ተኩል። ሁለቱም አይሆንም። ጠዋት ለፕሮፌሰሯ ጻፍኩ፦ ያሳደጉኝ ሴት ሞተዋል፣ ልቀብራቸው ነው፣ ጽሑፉን አያይዣለሁ፣ ከፈለጉ ሌላ ሰው ያንብበው። ላክሁ። ሁለተኛ ቀሪ።

አባዬ በአራት ሰዓት መጣ። ልብሴን ለብሼ ሲያየኝ በሩ ሥር ቆመ። አትሄጂም አለኝ። ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ፣ እማማ ነፍሳቸው ታውቃለች፣ ላንቺ ሲሉ ይቅር ይሉሻል፣ አራት ቀን ነው የቀረው፣ ቪዛው ይመጣና ማንም ሳያውቅ ትሄጃለሽ አለ። ወረቀቷ በኪሱ ትታየኝ ነበር።

ዱካውን ለኔ ነው ያስቀመጡት አልኩት። ጫማዬን አጥልቄ በአጠገቡ አለፍኩ። ከኋላዬ ይመጣ አይመጣ አላየሁም።

ነጠላዬን ዘቅዝቄ፣ ፊቴን ገልጬ፣ በቀጥታው መንገድ። ከጀጎል በር ወጣሁ። አስፋልቱን ተሻገርኩ። ሃያ ደቂቃው አሥራ አምስት ሆነ።

የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ሞልቷል። መጀመሪያ ያየችኝ ዳቦ ቤት የምትሠራው ልጅ ናት፤ አፏን ያዘች። ከዚያ ሰው እየዞረ፣ መንገድ እየከፈተልኝ። አስከሬኑ ጋ ደርሼ ተንበረከክሁ። የሆንኩትን አልጽፈውም።

ስነሳ ዙሪያዬን ከበውኛል። አስር አለቃ ኡራኤል ኮፍያውን አውልቆ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ ሁለቱንም እጄን ያዘኝ። "መቼ ገባሽ ልጄ?" አለ። መልስ ሳይጠብቅ ወደ ሰዉ ዞሮ "አያችሁ? ከባሕር ማዶ፣ ለቀብር! ይሄ ነው ሰው መሆን" አላቸው። ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ። አንዷ ትከሻዬን ሳመች። ወለተሥላሴ ታድለሽ እያለች ሌላዋ። ሌሊቱን በአየር ላይ አድራ ይሆናል፣ ውሃ ስጧት፣ አስቀምጧት።

ይህን አላሰብኩም ነበር። መንገዱን ሁሉ ለውርደት ተዘጋጅቼ መጣሁ፤ ሰዉ ግን ምሉዕ አድርጎ፣ ሸልሞ፣ ከውሸቴ የሚበልጥ ውሸት አስታቀፈኝ። ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። በሳምንቱ መጨረሻ "ተመለሰች" ይባላል፣ አለቀ። አባዬ ከወንዶቹ መካከል ቆሞ ነበር፤ ተከትሎኝ መጥቷል። አየኝ። በዓይኑ ለመነኝ። አባቴ በሕይወቱ ለምኖኝ አያውቅም።

ማርታ ብቻ ናት ያላለቀሰችው። ከሬሳው ራስጌ ቆማ ትጠብቃለች።

"አልመጣሁም" አልኩ። ድምፄ ቀጠነብኝ፤ ደገምኩት። "ከየትም አልመጣሁም። ከጀጎል ነው። አልሄድኩም ነበር። ቪዛው አልወጣም፤ ወጣ ብዬ የዋሸሁት እኔ ነኝ። አባቴን ዋሽቼዋለሁ፣ እሱ የነገራችሁ ሁሉ እኔን ለመሸፈን ነው።"

ኡራኤል እጄን አለቀቀም። አልገባውም፤ ቀስ እያለ ሲገባው ግን ጣቶቹ አንድ በአንድ ሲላሉ ይሰማኝ ነበር።

"አቦ፣ እና የበላነው በግ?" አለ።

አንዲት ሴት ሳቀች፣ በለቅሶ መካከል፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅጥቃ። ሌላዋ "እግዚኦ" አለች። ማን እንደሆነ ያላየሁት ሰው ከኋላ፣ ደጉን ሰው አዋረደችው አለ። ይበል። ቆሜ ነው የሰማሁት።

ማርታ ሰዉን አልፋ መጣችና ክንዴን ያዘች። "ነይ፣ ራስጌው ያንቺ ቦታ ነው" አለችኝ። ቀሳውስቱ ፍትሐቱን ጀመሩ።

ከቀብር በኋላ አባዬ ቀድሞኝ ወደ ቤት ሄደ። በአሥር እርምጃ ርቀት ተከተልኩት። የራሳችን ቤት። ለሐጃ ዋፊቃ ደውዬ ነገርኳቸው፤ "አልሐምዱሊላህ፣ ሻንጣሽን ሱመያ ታመጣለች" አሉኝ። ለአባዬ እራት አቀረብኩለት፣ በላ። ሰሃኑን ራሱ አጠበ።


ጥቅምት 4

ሁለት ሰዓት ተኩል። የሳሎኑን መስኮት ከፍቼ፣ መንገዱ ፊት ለፊት፣ ጠረጴዛው ላይ ነኝ። የሚያልፈው ሁሉ ያየኛል። ዳቦ ቤት የምትሠራዋ ሁለት ጊዜ አለፈች፣ ሁለተኛው ላይ ሰላም አለችኝ። ኡራኤል አንድ ጊዜ አለፈ፣ ሰላም አላለኝም። ሦስት ቀን ቀርቶኛል። ኢሜይል የለም። ከፕሮፌሰሯ ግን አለ፦ ጽሑፉን ሌላ ሰው አላነበበውም፤ ዛሬ የመጀመሪያዋ ሰዓት ያንቺ ናት ትላለች። ብትፈልግ የመጨረሻዬ ትሁን። አነበዋለሁ።

አባዬ ለለቅሶ ቤት እየለበሰ ነው። ዛሬ ድንኳኑ ሥር ከወንዶቹ ጋር ተቀምጦ ይውላል።

ኮቱን ቆልፏል። ኮፍያውን አድርጓል። መሐል ወለል ላይ ቆሞ፣ ከትናንት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አናገረኝ፦

"ዛሬ ሲጠይቁኝ ምን ልበላቸው?"

"ያለሁበትን።"

"ቪዛውንስ?"

"አልወጣም በላቸው።"

"አልወጣም" አለ። አፉ ላይ እንደሚለካው። እንደገና፣ ዝቅ አድርጎ፣ "አልወጣም።"

ሦስት ሰዓት ሆነ። ስክሪኑ በራ። ፕሮፌሰሯ ስም እየጠራች ነው። አባዬ አሁንም ቆሟል፣ ፊቱ ወደ በሩ ስለሆነ አይታየኝም። ትከሻው ተንቀሳቀሰ።

ስሜን ጠራች። አቤት አልኩ።

በሩ ተዘጋ።